ጎማ ያለው ቤት

ባሌን ሳገባው የመንገድ ጥናት ሾፌር ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት የሚወስደውን መንገድ ያኔ መኪና የሚደፍረው በበጋ ብቻ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ለበቅሎና ለእግረኛ ይለቀቃል። የውጭ አገር መሐንዲሶች መጥተው ዳገቱን ቁልቁለቱን እየለኩ፣ ድንጋዩን ኖራ እየቀቡ ይውላሉ፤ እሱ ላንድሮቨራቸውን ይነዳል። አንዴ ከሄደ ቶሎ አይመጣም። ሲመጣም ያጠብኩለት ልብስ ሳይደርቅ ይጠሩታል።

እኔ እስቴ ተወልጄ ደብረ ታቦር የተዳርኩ፣ ገና ዓመት ያልሞላኝ ሙሽራ ነበርኩ። የምንኖረው አንዲት ባልቴት ባከራዩን ጓዳ ውስጥ ነው። ከእሳቸው የሚለየን አንድ መጋረጃ ብቻ ስለነበር፣ ባሌ ቤት በሚውልባቸው ጥቂት ቀናት እንኳ የምናወራው በሹክሹክታ ነበር። ሳቅ ካመለጠን ሴትዮዋ ይስላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን እንዲህ እየኖርን ባሌን በቅጡ ሳላውቀው ወራት አለፉ። የሚወደውን ወጥ አውቃለሁ፣ ኮቴውን ከሩቅ እለያለሁ፤ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያስብ ግን አላውቅም።

ዐቢይ ጾም ከተጋመሰ በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የመኪና ጥሩምባ ሰምቼ ወጣሁ። ላንድሮቨሩ ደጃፋችን ቆሟል፤ ከኋላው ነጭ ቤት ተቀጥሏል። በር አለው፣ የመስታወት መስኮት አለው፣ ከሥሩ ጎማ አለው። የሰፈሩ ሰው ከቦ ይዳስሰዋል። ባሌ ከመኪናው ወርዶ በሩን ከፈተና «ግቢ» አለኝ። ውስጡ ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ፣ ወደ ግድግዳ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ የላምባ ምድጃ፣ ዕቃ ማጠቢያም ሳይቀር ነበረው።

የዋናው መሐንዲስ መኖሪያ ነው። ሰውዬው ለዕረፍት አገሩ ሄዷል፤ ሲመለስ ሥራው ንፋስ መውጫ በኩል ስለሆነ ባሌ ቤቱን ጎትቶ እዚያ አድርሶ እንዲጠብቀው ታዟል። ባሌ ደግሞ ስማዳ ያለችውን እናቱን ካያት ብዙ ዘመን እንደሆነው፣ ሚስቱንም ሊያሳያት እንደሚፈልግ ነግሮ ፈቃድ ጠይቆ ነበር። መሐንዲሱም አብራችሁ ሂዱ፣ እደሩበትም፣ ንጽሕናውን ብቻ ጠብቁልኝ ብሎታል። እኔ ጓዜን ለማሰናዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ሽሮ፣ በሶና ጥቂት ድንች ቋጥሬ ወጣሁ። ባልቴቷ ደጃፍ ድረስ ሸኝተው በሰላም ግቡ አሉን።

የጉናን ጥግ ይዘን ስንወጣ መኪናው ያቃስታል። ዳገቱ ሲበረታ እኔ እወርድና ትልቅ ድንጋይ ታቅፌ ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ። መኪናው ሲቆም ፈጥኜ ድንጋዩን ከተሳቢው ጎማ ሥር፣ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት፣ ታኮ አደርገዋለሁ፤ ሲነሣ አንሥቼው እንደገና እከተላለሁ። ባሌ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ እያየ ይስቃል። «ረዳቴ፣ በርቺ» ይለኛል። የበልግ ገብስ የሚዘሩ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቁመው ቤት ዳገት ሲወጣ ያያሉ። ብርዱ ፊት ይገርፋል፤ እኔ ግን ከድንጋዩ ክብደት የተነሣ ያልበኝ ነበር።

አልቸኮልንም። ሜዳ ያገኘንበት ቦታ ላይ እናቆማለን። ጠዋት እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጢሙን ሲላጭ እኔ ከውስጥ ድንች እልጣለሁ፤ በተከፈተው መስኮት በኩል ድምፃችንን ለቀን እናወራለን። ባሌ ወሬ ወዳድ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ቆሎ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ሳይደግም መኮብለሉን፣ ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ዘይት እየጠረገ መንዳት መማሩን፣ ልጄ ይቀድስልኛል ስትል የኖረችው እናቱ መኪና ነጂ ሆነ ሲሏት ማልቀሷን ነገረኝ። ደግሞ ያዜማል። ከተማሪ ቤት የቀረው ዜማ መሪ በያዘ ቁጥር ከአፉ አይጠፋም። እኔም ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ሁሉ ነገርኩት። አባቴ ቤት ስንት ሰው እንደነበር እንኳ አላስታውስም፤ ከዚያ በባሌ ዘመዶች ዘንድ፣ ከዚያም ባልቴቷ ጓዳ ነው የኖርኩት። በሩን ከውስጥ ዘግቼ ከባሌ ጋር ብቻዬን የተቀመጥኩበት የመጀመሪያው ቤት ያ ነበር።

ክምር ድንጋይን አልፈን ጋይንት ከገባን በኋላ የበልጉ ዝናብ ያዘን። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ወረደ። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ውኃ ሲጠግብ ሊጥ ይሆናል። ባሌ አለፍኩ ሲል ተሳቢው ወደ ማሳው ዳር ተንሸራተተና አንዱ ጎማ እስከ ወገቡ ሰመጠ። ላንድሮቨሩን ፈትቶ ለብቻው አወጣው፤ ቤቱ ቀረ። እንጨት አነጠፍን፣ ድንጋይ ጠቀጠቅን፣ ንቅንቅ አላለም።

የማሳው ባለቤት ሸምገል ያሉ ገበሬ ነበሩ። የሣር ገሳቸውን ደርበው መጡና ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩት። ማሳዬን አበላሻችሁ አላሉንም። በሬ ከተጠመደ እንደሚወጣ፣ ግን አሁን የአገሩ በሬ በሙሉ ዘር ላይ እንደሆነ፣ መሬቱም ጠፈፍ እስኪል መጠበቅ እንደሚሻል ነገሩን። ፋሲካ ይለፍና ጎረቤቱን እሰበስባለሁ አሉ። ሚስታቸው እዚያው ዝናቡ ውስጥ ትኩስ የገብስ ቂጣ በሰፌድ ይዘውልን መጡ።

በማግስቱ ባሌ ስማዳ ወዳለችበት ወደ ደቡብ ሲመለከት ቆየ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ፋሲካን ከምጠብቅ፣ መኪና ስለማይገባበት በታች ጋይንት በኩል በእግሬ ተሻግሬ ስማዳ ልሂድና እናቴን ይዤያት ልምጣ አለኝ።

«አብሬህ ልሂድ» አልኩት።

«ቤቱን ለማን ትተን? የሰው አደራ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ባለቤቷ ነሽ» አለና ቁልፉን እጄ ላይ አደረገው።

እስኪሰወር ድረስ ደረጃው ላይ ቆሜ አየሁት። ወደ ቁልቁለቱ ሲገባ መጀመሪያ እግሩ፣ ከዚያ ወገቡ፣ መጨረሻ ላይ የነጠላው ጫፍ ጠፋ።

ባሌ ደብረ ታቦር ትቶኝ ሲሄድ ለምጄዋለሁ እል ነበር። የዚህኛው ግን ሌላ ሆነብኝ። ያኔ የማላውቀውን ሰው ነበር የምናፍቀው፤ አሁን ሳቁንም፣ ዜማውንም፣ ተኝቶ የሚያጉረመርመውንም አውቃለሁ። ሸሚዙን አጥቤ አሰጣሁ። ሲደርቅ አጥፌ መልሼ ዘረጋሁት። አንዳንዴ ላንድሮቨሩ ውስጥ ገብቼ በእሱ መቀመጫ ላይ እቀመጥና መሪውን ይዤ ዝናቡን አያለሁ።

ሰው ግን አላጣሁም። የመንደሩ ሴቶች የሚሄደውን ቤት ለማየት ይመጣሉ። እግራቸውን ደረጃው ላይ አራግፈው ይገባሉ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ይነሣሉ፣ የሚታጠፈውን ጠረጴዛ አንዴ ደግመሽ አሳዪን ይሉኛል። የገበሬው ሚስት ግን የሚመጡት ለእኔ ነው። እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡና ሳይናገሩ አጠገቤ ይፈትላሉ። አንድ ቀን መንገዱን ደጋግሜ ሳይ አይተው፣ ወንዝ ሞልቶ ይሆናል፣ ሲጎድል ይመጣል አሉኝ። የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጉልባን ይዘውልኝ መጡ። በስቅለት ቤተ ክርስቲያን አብሬያቸው ሄጄ ስሰግድ ዋልኩ። የምጸልየው ስለ ጌታ ሕማም መሆን ሲገባው በየስግደቱ የምለምነው ባሌ በሰላም እንዲመጣልኝ ነበር።

ቅዳም ሹር ካህናቱ ቄጤማ እያደሉ በመንደሩ ሲዞሩ በቁልቁለቱ አፋፍ ላይ በቅሎ ብቅ አለች። ልጓሟን የያዘው ባሌ ነው። ጭቃ እስከ ጉልበቱ ነክሶታል፤ ከስቷል። ሮጬ ልሄድ ብዬ አማቴን ሳይ እግሬ ያዘኝ። ቀስ ብዬ ቀረብኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ። ወንዙ ሞልቶ ከማዶ እንዳቆያቸው ባሌ ነገረኝ። ይህን ሲለኝ የሚያየው ወደ እኔ ስለነበር እናቱ ከበቅሎዋ ላይ «መጀመሪያ እኔን አውርደኝ» አሉት።

አማቴ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ቤቱ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ወሰደባቸው። በሩ ላይ አማትበው ገቡና ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ዳር እስከ ዳር ሄዱ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንዴት አገኙት አልኳቸው። ይሞቃል አሉ። የልጃቸው ሥራ ምን እንደሆነ እስከዚያ ቀን አልገባቸውም ነበር። ባሌ ላንድሮቨሩ ውስጥ አስቀምጧቸው እመንገዱ ዳር ወዲያ ወዲህ ሲያደርጋቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። ቄስ ባለመሆኑ ከዚያ በኋላ ሲወቅሱት አልሰማሁም።

ፋሲካን ከገበሬው ቤተሰብ ጋር ፈሰክን። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ደጁ ላይ ፀሐይ ስንሞቅ አማቴ ቤቱን እያዩ ለባሌ እንዲህ አሉት፦

«እዚሁ ብትተክሏት ምናለ? በግማሽ መንገድ ታገኙኝ ነበር።»

«የእኛ አይደለችም እናቴ። ለባለቤቷ እንመልሳታለን።»

 ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «እንግዲያው እስክትመልሷት ድረስ ደኅና አድርጋችሁ ኑሩባት፣ ልጄ» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ የገባኝ መስሎኝ ነበር። አዎ እናቴ አልኳቸው።

ከፋሲካው ሳምንት በኋላ መሬቱ ጠፈፍ አለ። ገበሬው እንዳሉት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው መጡ። በሬዎቹን በየቀንበሩ ጠምደው፣ ጠፍሩን ገመዱን ከቤቱ መንጠቆ ጋር አሰሩ። ወንዶቹ ከኋላ ትከሻቸውን ሰጡ፤ ሴቶቹ ዳር ቆምን። በሬዎቹ ሲጮኽባቸው አንገታቸውን ደፍተው ሳቡ፤ ቤቱ መጀመሪያ ተንገጫገጨ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ዘመመና የወደቀ መሰለኝ፣ ከዚያ ጭቃው እንደ ሰው ተንፍሶ ለቀቀው። መንደሩ በእልልታ ተናጋ። ባሌ ገበሬውን አቅፎ ሳማቸው። እኔ ብቻ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። ጎማው በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ሲሞላ አየሁና ምነው እዚሁ በሰነበተልን ብዬ ተመኘሁ።

አማቴ ደብረ ታቦር አብረውን እንዲኖሩ ባሌ ለመናቸው። ማሳዬን፣ የአባትህን መቃብር ትቼ የት እሄዳለሁ አሉት። ከስማዳ ሊወስዳቸው የመጣ የወንድማቸው ልጅ በቅሎዋን ይዞ ቆሟል። ባሌን ጉንጩን ሲስሙት ቆዩና በመጨረሻ ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። እኔን መርቀው፣ በሚቀጥለው በጋ ስማዳ እንድመጣ፣ የተወለደበትን ቤት እንደሚያሳዩኝ ነገሩኝ። እመጣለሁ አልኳቸው። ክረምቱ ሳይወጣ መሞታቸውን ከነጋዴዎች ሰማን። ባሌ ሊቀብር አልደረሰም፤ ወንዙም መንገዱም ተዘግቶ ነበር።

ንፋስ መውጫ የገባን ቀን ከተማው ጫፍ ላይ ድንኳኖቹ ተተክለው ነበር። መሐንዲሱ መጥቷል። እኔ ከመድረሳችን በፊት ወለሉን በእጄ ወልውዬ፣ ብርጭቆዎቹን አጥቤ፣ የአልጋውን ልብስ አንጥፌ ነበር። ሰውዬው ገባ፣ ዞር ዞር ብሎ አየ፣ በተሰባበረ አማርኛ ጎበዝ አለኝ። ከዚያ ቦርሳውን እኛ ስንቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ጣለው። ባሌ ቁልፉን ሰጠውና ተያይተን ወጣን። እሱ ከሠራተኞቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ሊያድር፣ እኔ በማግስቱ ወደ ደብረ ታቦር በሚመለስ የጭነት መኪና ልሳፈር ነው። መኪናው ሲነሣ ባሌ ጎን ለጎን ጥቂት ተራመደ። የመኪናውን ሳንቃ በመዳፉ መታ መታ አደረገና ቆመ።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን መልካም ነበር። ልጆች ወለድን፣ ጊዜው ሲመቻች ሁለት ክፍል ቤት ሠራን፣ እሱም እስከ ጡረታው ነዳ። አብረን ስንኖር ስንት ዓመት አለፈ፤ ግን ያን የበልግ ወር ያህል እርስ በርሳችን የነበርንበት ጊዜ አላስታውስም። ሁልጊዜ አንድ የሚጠራው ሥራ፣ አንድ የሚያለቅስ ሕፃን፣ አንድ የሚመጣ እንግዳ አለ። አንዳንድ ቀን ራት ላይ ባሌ ከመሬት ተነሥቶ ስለ ጋይንት ጭቃ ያነሣና ሁለታችንም መብላቱን እንረሳለን። ልጆቹ ምን ሆናችሁ ይሉናል።

ጡረታ ሲወጣ በመጀመሪያው በጋ ስማዳ ልወስድሽ አለኝ። የእናቱን መቃብር ሊያሳየኝ፣ የተወለደበት ቤት ፈርሶ ከሆነ ቦታውን ሊያሳየኝ ነበር። የምንሳፈርበትን መኪና ሁሉ አጠያይቆ ጨርሷል። ከመስቀል በኋላ ታመመ። ጥር ሳይገባ ቀበርኩት።

ልጆቼ አሁን እንውሰድሽ ይሉኛል። መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም ይባላል። አንድ ቀን እሺ እላቸው ይሆናል። እስካሁን ግን ስማዳን አላየሁትም።