ማጭድ ያሳጠረው ዘፈን

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ጨፋ ላይ ማሽላ በሚታጨድበት በኅዳር ወር ነው። ሳስታውሰው መጀመሪያ አፍራለሁ፤ ቀጥሎ ግን ደረቴ ይነፋል። የማፍረው በገዛ ምላሴ ነው።

ከሚሴ ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። ያን ቀን ረፋዱ ላይ ስልሳውን የተሻገሩ ሰው ከአውቶቡስ ወርደው፣ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ወዳለች መንደር በኮንትራት እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተዋል። ረጅም ጥቁር ቦርሳም አዝለዋል። የቀያሽ ዕቃ መስሎኝ “መንገድ ሊሠሩልን ነው?” ብዬ ቀለድኩ። ፈገግ ብቻ አሉ።

እኔ ደግሞ ዝምታ አይሆንልኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደውን የአንድ ዘፋኝ ሥራ ከፈትኩ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚደርስ፣ ሮክ የሚሉትን የጊታር ጩኸት ከወሎ ዜማ ጋር ያዋሃደ ሰው ነው። በካሴት ዘመን የእሱን ያህል የተሸጠለት የለም ይባላል። ስሙን አልጽፍም፤ ምክንያቱን በኋላ ታዩታላችሁ።

“የኛው አገር ልጅ እኮ ነው” አልኳቸው። “ግን ዘመኑ አለፈ። አሁን ማን ይሰማዋል? እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። ኧረ እንዲያውም ሞቷል መሰለኝ፤ አላህ ይዘንለት።”

“አሚን” አሉ ሰውየው።

ትንሽ እንደሄድን ቀስ ብለው “አልሞትኩም” አሉ።

መሪውን ልለቀው ምንም አልቀረኝም። በመስታወቱ ሳይ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። የካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው ፊት ነው፤ ሽበት ብቻ ነው የተጨመረበት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ስለምናቸው “እውነትህን እኮ ነው” አሉኝ።

ከዚያ የሚሄዱበትን ጉዳይ ነገሩኝ። መጀመሪያ ጊታር ይዘው ወደ ቤት የመጡ ዕለት አባታቸው “ይቺን እንጨት ይዘህ ደጄን እንዳትረግጥ” ብለዋቸው ነበር። አባትና ልጅ እልህ ተጋቡ፤ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ለአባታቸው ቀብር እንኳ አልደረሱም። አሁን ታላቅ ወንድማቸውን አያ ይመርን ይቅርታ ጠይቀው፣ ጊታሩንም እዚያው ጥለው ሙዚቃ በቃኝ ሊሉ ነው።

“አገር ሙሉ ሰማኝ” አሉ፤ “የአባቴ ቤት ግን አንድ ዘፈኔን አልሰማም። ታዲያ ምኑን ዘፈንኩት?”

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ነዳሁ፤ ለኔ ይህ ተአምር ነው።

አያ ይመር ቤት ስንደርስ ሰው የለም። ጎረቤቶች አያ ይመር ደቦ ላይ መሆናቸውን ነግረው የአባታቸውን ማሳ አሳዩን። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ተሰልፈው ማሽላ ያጭዳሉ። አንዱ ዘፈን ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ማጭዱ ሁሉ እኩል ያርፋል።

እንደተጠጋን ሰውየው ድርቅ ብለው ቆሙ። እኔም ቆምኩ። የሚዘፈነው የመጀመሪያ ካሴታቸው የመጀመሪያ ዘፈን ነበር! ግማሹ ቃል ኦሮምኛ ሆኗል፤ ዜማው ግን ራሱ ነው።

“አካም ጅርቱ! ኑ እንጂ፣ አግዙን!” ሲል ሰላም አለን አውራጁ፣ ደልደል ያለ ጎልማሳ።

ሰውየው ቦርሳቸውን እንዳዘሉ ተቀበሉት። መጨረሻውን ግን ልክ እንደ ካሴቱ ሳብ አድርገው አስረዘሙት። አውራጁ ማጭዱን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

“አባቴ፣ እንዲያ አይደለም። ሲረዝም ማጭዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ወገብም ይይዛል። ቁርጥ ነው የሚደረገው።”

“ማን አስተማረህ?”

“ማን ያስተምረኛል! የአያት የቅድመ አያት ነው። ከተማ ከርመው ረስተውት ነው።”

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ልናገር አፌን ስከፍት ሰውየው ክንዴን ጨበጡኝ። እንባቸው እየወረደ “እንግዲያው አስተምረኝ” አሉት።

ይህን ጊዜ ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሽማግሌ ማጭዳቸውን ጥለው መጡ። አያ ይመር ናቸው። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ደቦው ሁሉ ማጨዱን አቆመ።

“ካሴትህን ሰንበቴ ገበያ ሰማሁት” አሉ አያ ይመር። “ቤት ማስገባት አልችል፣ በጭንቅላቴ ይዤው መጣሁ። ደቦ ላይ ባወርደው ከማጭዱ ጋር አልሄድ አለኝ፤ አሳጠርኩት።”

“አባባስ?”

“ከሁሉ ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነበር።”

“የኔ መሆኑን ሳያውቅ?”

“በሁለተኛው ዓመት ነገርኩት። ወላሂ፣ መጀመሪያ ማጭዱን ስሎ ጨረሰ። ከዚያ ‘በል ድገመው’ አለኝ። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ አስደግሞኛል። ልላክበት ስለው ግን ‘ተወው፣ ራሱ መጥቶ ይስማው’ ይል ነበር።”

ጊታሩ ከቦርሳው ወጣ። የመብራት ሽቦ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ፤ እዚያው የአባታቸው ማሳ ላይ መቱት። እንደ አጫጆቹ ቁርጥ እያደረጉ ሲያወርዱ ደቦው በአንድ ድምፅ ተቀበላቸው። እኔም መሪ እንጂ ማጭድ ጨብጬ የማላውቀው ሳጭድ ዋልኩ። መዳፌ ተላጠ፤ አልቆጨኝም።

ጊታሩ እዚያ አልቀረም፤ በኔው ባጃጅ ተመለሰ። በዓመቱ አዲስ ሥራ አወጡ። የመጀመሪያው ዘፈን ያው የድሮው ነው፤ አሁን ግን አጭር ሆኖ፣ ከኋላው የማጭድ ድምፅ ይሰማል።

ባጃጄ ውስጥ ጠዋት ማታ እከፍተዋለሁ። ተሳፋሪ “የማን ነው?” ሲለኝ አፌን ሞልቼ “የአያት የቅድመ አያት ነው” እላለሁ። እንዲህ በል ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።