በባዶ እግር የሚረገጥ መኪና

ፀጉሩ ገብስማ የሆነው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን የሚረግጠው በባዶ እግሩ ነው። ቀኝ ጫማውን አውልቆ ከወንበሩ ሥር ይገፋውና፣ «ጫማ ያደረገ እግር ደንቆሮ ነው፤ ጨርቁ ሲከብድ አይሰማም» ይላል።

ስኳር አለብህ ከተባለ ወዲህም ልማዱን አልተወም። ሻዩን መራራውን ለመደ፤ መድኃኒቱንም ሳያዛንፍ ይውጣል። እግሩን ግን ለሐኪም ማሳየት አይወድም። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ በሽታ አንድ እግሩን አጥቷል። የወንድሙን ሱሪ አንዱን እግር ቆርጦ፣ አጥፎ የሰፋለት እሱ ራሱ ነው።

አንድ ማለዳ ወለሉን የምትጠርገው ሚስቱ ቀና ስትል መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።

«አንተ! ምን ረግጠህ ነው?»

«የቱ?»

ተረከዙ ላይ የተሰበረ የመኪና መርፌ ተሰክቷል። ጎንበስ ብላ ነቀለችው፤ ደም መጣ። እሱ የሌላ ሰው እግር ይመስል ያያል።

«አላመመህም?»

«ትንሽ» አለ። ውሸቱን ነው፤ ጭራሽ አልተሰማውም።

«ትንሽ! ምላጭ ሲነካህ ሰፈር የምታስነሳ ሰውዬ! ተነስ፣ ክሊኒክ እንሄዳለን። እምቢ ካልክ አዝዬህ እሄዳለሁ፤ የሚስቀው ይሳቅ!»

ነርሷ ቁስሉን አጥባ ሸፈነችለትና ቀጭን የናይለን ክር አወጣች።

«አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። በዚህ ክር እግርዎን ስነካዎት ‹አዎ› ይበሉኝ።»

ጨፈነ። በጨለማው ውስጥ የመጣበት የወንድሙ ሱሪ ነው። በግራ እግሩ ላይ ክሩ ሲያርፍ ተሰማው፤ «አዎ፣ አዎ» አለ። ወደ ቀኙ ስታልፍ ግን ምንም የለም። ልብስ ሰፊ ምት ያውቃል። በግራው የያዘውን ምት ተከትሎ በግምት «አዎ» አለ። ትንሽ ቆየና ደገመው። ሰለሰው።

ዓይኑን ሲገልጥ ክሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«አባባ፣ የመጨረሻዎቹን እኮ አልነካሁዎትም።»

ሚስቱ በሩ ሥር «ወይ ጉዴ!» ብላ አፏን ያዘች።

«ትቆርጡታላችሁ?» አለ ልብስ ሰፊው። ድምፁ የሕፃን ሆነ።

«እግር የሚያስቆርጠው እንዲህ ያለው ‹አዎ› ነው። ቁስሉ እንዴት እንደሚሆን እያየን ነው የምናውቀው። አሁን እንደገና ይጨፍኑ፤ ካልተሰማዎት ዝም ይበሉኝ።»

ጨፈነ። «አዎ» አፉ ላይ ደርሳ ስትተናነቀው ከንፈሩን ነክሶ ያዛት። ያልተሰማውን ቦታ ሁሉ ነርሷ በእስክሪብቶ ትመዘግባለች። ዝም አለ፤ እስክሪብቶው ጫረ። ዝም አለ፤ ደግሞ ጫረ።

ሲጨርሱ ሚስቱ ቀኝ ጫማውን አነሳች፤ የወደቀ መርፌ እንዳይኖር ውስጡን በጣቶቿ ዳበሰችና አቀበለችው።

በማግስቱ መርገጫውን በጫማው ረገጠ። ስፌቱ ተጣመመበት፤ ተርትሮ እንደገና ጀመረ። በየመሀሉ መኪናውን ያቆምና ጎንበስ ብሎ እግሩን ያያል፤ እዚያው መኖሩን።