የሚሊሜትር እጅ

ባሌን ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። በፋብሪካው የጥገና ክፍል ቶርኖ በሚባለው ማሽን ላይ ቆሞ ብረት ሲልጥ የፀጉር ታህል ስህተት አይገኝበትም ብለው ያወጡለት ቅጽል ነው። እኔ ሲያናድደኝ «አያ ሚሊሜትር» እለዋለሁ። ሲያስደስተኝ ምንም አልለውም፣ ዝም ብዬ ሻይ እቀዳለታለሁ። እሱም ይገባዋል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የቤታችን የፊተኛው ክፍል ሱቄ ነው፤ የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር፣ የደንበኛ ወንበር በሩ አጠገብ። አፌ ትንሽ ይፈጥናል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳትታዘቡኝ ነው።

ሚሊሜትር ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በዲፕሎማ የወጣ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ በዲፕሎማው ሠርቶ ቅር ብሎት አያውቅም። ቅር ያለው የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ ነው። ሁሉም «ከአንተ ወዲያ ማን አለ?» ሲለው ከርሞ፣ ቦታው ትናንት ተመርቆ ለመጣ ልጅ ተሰጠ። «መደቡ ዲግሪ ይጠይቃል» አሉት። የዚያን ዕለት ቤት ገብቶ ቱታውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና «እማራለሁ» አለኝ።

«ምን?»

«ምህንድስና ነዋ።»

«በዚህ ዕድሜህ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን አየሁና ምላሴን ዋጥኩ።

ዩኒቨርሲቲው ዲፕሎማ ይዘው ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ነበረው፤ ተቀበለው። ወይ ጉድ! ሰውዬው እንዲህ የሚያፍር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ደብተሩን የሚይዘው በገበያ ዘንቢል ነው፤ ከላይ ሽንኩርት ጣል ያደርግበታል። ጎረቤት «ወዴት ነው?» ሲለው «ትርፍ ሰዓት ገብቼ» ይላል። ክፍል ውስጥ አብረውት የሚማሩት ልጆች «አባባ» ይሉታል። ለአክብሮት ነው፤ እሱ ግን የሰደቡት ያህል ይሸማቀቃል። ሒሳቡ ደግሞ አናቱን አዞረው። ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ልጃችን አጠገቡ ተቀምጣ ታስረዳዋለች። «አባዬ ገባህ?» ስትለው «ገባኝ» ይላል። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ወደኔ ዞሮ «ኧረ ምንም አልገባኝም» ይለኛል። አንጀቴን በላው።

እኔስ አርፌ ተቀመጥኩ? አንዷ ደንበኛዬ «ባልሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የሚጠፋው?» ብላ በነገር ስትወጋኝ ደሜ ፈላና፣ ስፒል በከንፈሬ እንደያዝኩ «ኢንጂነሪንግ እየተማረ ነው!» አልኳት። «ውይ፣ የታደልሽ! ባሏን የምታስተምር ሚስት!» አለችኝ። እሱን ስሰማ ማውራቱ ባሰብኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አይደል የሚባለው? ወገቧን የለካሁላት ሁሉ ወሬውን ይዛ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ የሰፈራችን አናጺ ከመንገድ ማዶ «ኢንጂነር! ሽንኩርቱ ዋጋው ስንት ገባ?» እያለ ይጮህበት ጀመር።

ሚሊሜትር ተቆጣኝ፤ ቀጥሎ አኮረፈኝ። ሲታረቀኝ እንዲህ አለ፦ «እሺ፣ በሒሳቡ ይሳቁብኝ። ወርክሾፕ ይምጣ ብቻ! ቶርኖ ላይ ስቆም ማን መሆኔን ያያሉ።»

ይህቺንም ለደንበኞቼ አደረስኩ። ምን ልበላችሁ፣ ወርክሾፑን ሰፈሩ ሁሉ ይጠብቀው ጀመር።

ወርክሾፑ የመጣ ቅዳሜ ሸሚዙን ራሴ ተኮስኩለት። የተሰጣቸው ሥራ ቀላል ነበር፤ አንድ የብረት ዘንግ በቶርኖ ልጦ ኩሽኔታ የሚባለውን የብረት ቀለበት ማስገባት። ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ ጥብቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ለሱ ይሄ እኔ ቁልፍ እንደምተክለው ማለት ነው። ታዲያ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ እጁን እንኳ አልታጠበም። ሽንኩርቱም ደብተሩም ያለበትን ዘንቢል በሩ ላይ ጥሎት ገባ።

«እንዴት ነበር?»

«ዘንጉ ቀጠነ። ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ልክ አይደለም።»

«ማሽኑ ነው» ያለው የወርክሾፑ መምህር ራሱ ነው። መምህሩ ተማሪ ሳለ ለተግባር ልምምድ ፋብሪካው ተመድቦ፣ ቶርኖ ያስያዘው ሚሊሜትር ነበር፤ እስከ ዛሬ «ጋሼ» ነው የሚለው። ኩሽኔታው የጋሼው ዘንግ ላይ ሲዋልል፣ የከሳች ሴት ጣት ላይ እንዳለ ቀለበት ሲሽከረከር አየና ደነገጠ። ከዚያ ወደ ወርክሾፑ ቴክኒሺያን ዞሮ «ያልተስተካከለ ማሽን ለምን ታቀርቢያለሽ?» ብሎ ተማሪው ሁሉ ፊት ወረደባት። ዘንጉንም ከቁጥር አላስገባም፤ ለጋሼ ማለፊያ ተሰጣቸው።

«ወይኔ!» አልኩ ጭኔን መትቼ። «ያቺ ዝርክርክ! አንተን ልታዋርድ?»

ሚሊሜትር ፊቱን አዙሮ እጁን ሊታጠብ ወጣ። እኔም ልብ አላልኩትም።

ማክሰኞ ከሥራ ገብቶ ሻይ እየጠጣ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ወጣት ሴት ናት። ልብሷ ንጹሕ ነው፣ ጥፍሯ ሥር ግን የማሽን ግራሶ አለ። አንገቷን ሰበር አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች።

ቴክኒሺያኗ ናት! ሚሊሜትር ብርጭቆውን እንደያዘ ድርቅ አለ። እኔ ግን ዳኛ የሆንኩ መሰለኝ። ወንበሩን አሳየኋት፤ ጫፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ ማሽኑን ፈትቼ ደግሜ ገጠምኩት» አለችው። «ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ አላገኘሁትም። ግን በርስዎ ላይ መድረሱ በጣም አሳዘነኝ። መምህሩ ስለርስዎ ሁልጊዜ ይነግረን ነበር።»

እኔ በሱ ፋንታ አፌን ከፈትኩ።

«አንቺ ልጅ፣ የሰው ስም ቀላል ነገር መሰለሽ? ይሄ ሰውዬ ስሙን ያገኘው በስንት ዓመት ላብ ነው! አንቺ ማሽንሽን ሳታዪ ቀርተሽ በልጆች ፊት አንገቱን ታስደፊዋለሽ? እስኪ ያንቺ አባት ቢሆን?»

«ልክ ነዎት እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «እኔም ዲፕሎማ ነኝ። በሚመጣው ዓመት ዲግሪዬን ልጀምር አመልክቼ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሳስበው… ማሽን መጠበቅ ያልቻልኩ ሰው ምን ብዬ ኢንጂነር እሆናለሁ? ማመልከቻዬን አስመለስኩት።»

ይህን ስትል እንኳ አልደነገጥኩም። እንዲያውም ቸር ሆኜ ትከሻዋን መታ መታ አደረግኋት። «በይ ግድ የለም፤ ይቅር ብሎሻል» አልኳት። ማን ጠይቆኝ? እሱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ እኔ በስሙ ይቅር አልኩላት! ልጅቷ ጎንበስ ብላ አመሰገነችና ሄደች።

በሩን ዘግቼ ስዞር ባሌ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቀኝ እጁን እያየ ነው።

«ማሽኑ ደህና ነው» አለኝ።

«እንዴት ደህና ነው?»

«የኛ የፋብሪካው ቶርኖ አርጅቷል። እጀታውን ስታዞሪው ወዲያው አይንቀሳቀስም፤ መጀመሪያ ትንሽ ያታልላል። እኔ ያንን ስለማውቅ ሁልጊዜ ትንሽ እጨምርለታለሁ። ስንት ዓመት ስጨምርለት ኖርኩ! የነሱ ማሽን ግን አያታልልም። እጄ እንደለመደው ጨመረ። ዘንጉን በላሁት።»

አላስፈለገኝም፣ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። የኔ የስፌት መኪና ፔዳሉ ስለሚከብድ ተጭኜ ነው የምረግጠው። አንድ ጊዜ የጓደኛዬ አዲስ መኪና ላይ ተቀምጬ ያንኑ እግሬን ባሳርፍበት የሰው ቀሚስ ቦጫጭቄ ተነስቻለሁ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ኩሽኔታው ሲዋልል፣ ያኔውኑ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «በሒሳቡ ሲስቁብኝ ከረሙ። ያለኝ ይቺ እጄ ብቻ ነበረች። መምህሩ ‹ማሽኑ ነው› ሲል… ደስ አለኝ። እሷ ስትሰደብ ቆሜ እየሰማሁ ደስ አለኝ።»

አቤት ያኔ የተሰማኝ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷ ምንም ሳታጠፋ ቤቴ መጥታ፣ ወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስድቤን ጠጥታ፣ ትምህርቷን ጥላ፣ አመስግናኝ ሄደች! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ማንም ሳያየኝ፣ እዚያው በገዛ ቤቴ።

«ቅዳሜ ሄደህ ትናገራለህ» አልኩት።

«ልጆቹ ፊት?»

«እሷ የተሰደበችው የት ነው? ጓዳ ውስጥ ነው?»

አልተከራከረኝም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ጫማውን ካሰረ በኋላ በሩ ላይ ቆመ። «አብረሽኝ ነይ» አለኝ። «ብቻዬን ከሄድኩ ከመንገድ እመለሳለሁ።» ሜትሬን ካንገቴ ሳላወርድ ተከተልኩት።

ወርክሾፑ ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ማሽኖቹ በረድፍ ቆመዋል፣ ወለሉ ዘይት ዘይት ይላል። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ልጅቷ ጥግ ላይ መሣሪያ እየጠረገች ነበር፤ አየችኝና ደንግጣ እጅ ነሳችኝ። እጅ መንሳቷ ከስድብ በላይ አመመኝ።

ሚሊሜትር ልጆቹን አልፎ መምህሩ ፊት ቆመ። «መምህር፣ ባለፈው ማሽኑ ምንም አልሆነም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ተዉት ጋሼ፣ ያለፈ ነገር ነው» አለ መምህሩ ፈጠን ብሎ።

«አላለፈም። ሌላ ዘንግ ይስጡኝ፤ ማሽኑ ደህና መሆኑን ላሳያችሁ።»

ሐሳቡ በትክክል ልጦ ማሳየት ነበር። ጠዋት መንገድ ላይ «እጄን እይዘዋለሁ፣ አልጨምርም» ሲለኝ ነው የመጣው። ዘንጉን አሰረ፣ ማሽኑን አስነሳ፣ ብረቱ እየተፈተለ ይወርድ ጀመር። ልጆቹ ከበቡት። የመጨረሻዋን ሲልጥ ግን የእጁ አንጓ ነቅነቅ ስትል ከበሩ አየኋት። ያቺ ለምዳ የኖረች እጅ፣ ባለቤቷ እያወቀ፣ እያየ፣ ጨመረች።

ማሽኑን አጠፋ። ኩሽኔታውን አስገባው፤ ኩሽኔታው ዋለለ። ከኋላ አንዱ ልጅ ሳቁ አመለጠው፤ ሌላው በክርኑ መታው።

ባሌ ላቡ በግንባሩ ወረደ። ሮጬ ገብቼ እጁን ይዤው ልወጣ ፈለግሁ። እሱ ግን ወደ ጥጉ ዞሮ ልጅቷን ጠራት። «ልጄ፣ ነይ እስኪ አንቺ ልጪው።»

መጣች። ሌላ ዘንግ አስራ እጀታውን ያዘች። ልጣ ስትጨርስ ኩሽኔታውን ሚሊሜትር ራሱ አነሳው። አልገባም አለ፤ ጨብጦ ሲገፋው ጥብቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ይኸው እዩ» አለ ድምፁ እየተሰበረ። «ማሽኑ ይሄው ነው። እሷም ይቺው ናት። ያዋረዳችኋት በኔ እጅ ጥፋት ነው፤ እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

መምህሩ ወደ ልጅቷ ዞሮ «ሳላጣራ ተናገርኩሽ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። ከዚያ ለባሌ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ውጤቱን ግን እንዲሁ ብንተወው…» ሊል ሲጀምር አላስጨረሰውም።

«የሠራሁትን ይስጡኝ መምህር። ወድቄያለሁ።»

ወጣንና ግቢው መንገድ ላይ ስንሄድ፣ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ «አፈርሽብኝ አይደል?» አለኝ።

ልዋሽለት አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። «ማክሰኞ አፍሬብህ ነበር» አልኩት። «ዛሬ ያፈርኩት በራሴ ነው። ጠብቀኝ መጣሁ።»

መመለሱ እንዴት ከበደኝ! ሰው ስሰድብ አፌ እንደዚያ ይፈጥን የለ? አሁን ምላሴ አልላቀቅ አለኝ። ልጅቷ የማሽኑን ብናኝ በቡርሽ ትጠርግ ነበር። ባለፈው እሷ በቆመችበት ሁኔታ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ቡርሹን ጣለችና ያላትን አንዲት በርጩማ በጨርቅ ጠርጋ አቀረበችልኝ። ጫፏ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ማሽኑን ተደግፋ ቆመች።

«ጋሼ ግን ወደቁ እኮ እትዬ» አለችኝ። «ወርክሾፑን በሚመጣው ዓመት ከአዲስ ገቢዎች ጋር ሊደግሙ ነው። በኔ ምክንያት።»

«ይድገም» አልኳት። «አንቺ ብቻ ማመልከቻሽን መልሰሽ አስገቢ። ከአንቺ ጋር ይደግማል።»