ከአልጋው አጠገብ ያልተለካው መስመር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢታሰር ምን ያህል ይመዝናል? ጥያቄውን ሳብሰለስል ሁልጊዜ ፊቴ ድቅን የምትለው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ትከሻና ወገብ ስትለካ ኖረች፤ በስተርጅና ግን በሜትሯ የማይያዝ ነገር ገጠማትና ፍርሃት ቤቷ ገባ።

ነገሩ የመጣው በባሏ ልብ ነው። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ልቡ ምት እየዘለለ ሲያስቸግረው፣ ሐኪሞቹ ደረቱ ላይ ትንሽ መሣሪያ ለጥፈው ወደ ቤቱ ሰደዱት። መሣሪያዋ የልቡን ምት በቤታቸው ኢንተርኔት ወደ ሆስፒታል ትልካለች፤ እዚያ ያለች ነርስ ታያለች፣ ካላማራት ትደውላለች። ራስጌው ያለችው የመሣሪያዋ መብራት አረንጓዴ ከሆነች የሚያየው ሰው አለ። ቀይ ከሆነች ማንም አያየውም።

ቀን ቀን አረንጓዴ ናት። ሲመሽ፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ በኢንተርኔት ፊልሙን ሲከፍት፣ ቀይ ብልጭ ማለት ትጀምራለች። ያን ጊዜ የሰፊዋ ልብ ከባሏ ልብ ብሶ ይዘላል።

"አንቺ፣ በድንጋጤ ቀድመሽኝ እንዳትሄጂ፤ ሸሚዜን ማን ይተኩስልኛል?" ይላታል።

"ዝም በል አንተ! ዛሬም መሪ የያዝክ መሰለህ?"

የኢንተርኔት ድርጅቱ የመስመር ሠራተኛ ሲጠራ የመጣው በጠራራ ቀትር ነበር። ሳሎን ካለው የኢንተርኔት ሣጥን አጠገብ ቆሞ ስልኩ ላይ የፍጥነት መለኪያውን ነካ፤ ቁጥሩ ሽቅብ ተወነጨፈ።

"እማማ፣ ሙሉ ነው! እንዲህ ያለ መስመር እኔም ቤት የለ።"

"እስቲ መኝታ ቤት ግባና ለካልኝ፣ ልጄ።"

"ያው አንድ መስመር እኮ ነው።" መለኪያውን ስልኳ ላይ ጫነላትና "ስጋት ሲገባዎት ይቺን ይንኳት" ብሏት ወጣ። በመጣ ቁጥር ይህንኑ ስለሚል ጎረቤቱ ስሙን "ሙሉ ነው" አለው።

በእሷ ሙያ የተጠራጠረ ሰው ደግሞ ይለካል። መብራቷ ቀይ ባለች ቁጥር ወደ ሳሎን ሮጣ መለካት ያዘች። ቁጥሩ ያምራል፣ እፎይ ትላለች፤ ተመልሳ ስታይ መብራቷ ያው ቀይ ናት። እንደገና ትለካለች።

አንድ ምሽት ሳሎን ቆማ እየደጋገመች ስትለካ ስልኩ ጮኸ። ነርሷ ነበረች።

"እናቴ፣ የአባባ ምልክት ጠፋብን። ደህና ናቸው?"

"አሁን ለካሁት እኮ! ሙሉ ነው!"

ወደ መኝታ ቤት ስትመለስ ክው አለች። ባሏ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላብ አጥምቆታል፣ እጁ የጠፋበትን ማርሽ እንደሚፈልግ ሁሉ አንሶላውን ይዳብሳል። ጩኸቷን ሰምተን ተሯሯጥን፤ ተሸክመን አውርደን ሆስፒታል አደረስነው። ነፍሱ ለጥቂት ተረፈች።

ነርሷ በኋላ ቀስ ብላ አስረዳቻት። መለኪያው ሲሠራ መስመሩን ጠቅልሎ ይይዘዋል። መሣሪያዋ የምትልከው ቅንጣት ታህል ነው፤ ነገር ግን ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። በተጨናነቀው ሰዓት ላይ ያ ሁሉ መለካት ተጨምሮ መንገዱን ዘጋው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነበር።

"መንገዱ ክፍት መሆኑን ለማየት የከተማውን አውቶቡስ በሙሉ ነዳሽበት፤ ታዲያ እኔ በየት ልለፍ?" አለ ሹፌሩ ከአልጋው ላይ። እሱ ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

ቁጥሩ አልዋሸም ነበር። የተጠየቀውን መልሷል፦ በዚያች ቅጽበት፣ ከሣጥኑ ሥር፣ ምን ያህል ሊጎርፍ እንደሚችል። ሰው ግን ከሣጥኑ ሥር አይኖርም፤ በቅጽበትም አይኖርም። ግድግዳ ተሻግሮ፣ ምሽቱን ሙሉ፣ አንዱን ትንፋሽ ከሌላው እያስከተለ ነው የሚኖረው።

አሁን መለኪያውን አትነካም። የስፌት መኪናዋን አልጋው አጠገብ አምጥታለች፤ ሲመሽ ግን ድምፁ ትንፋሹን እንዳይሸፍንባት መርገጧን ታቆማለች። መብራቷ ላይ አፍጥጣ፣ ጨርቁን በጭብጧ ጨብጣ ትቀመጣለች። ድርጅቱ ጋ ስትደውል "ከዚህ ሲታይ ሙሉ ነው" ይሏታል።

የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሙሉ ነው"ንም፣ አለቆቹንም፣ የሕንፃውን ኃላፊም ለምናለች፦ "አንድ ቀን ሲመሽ ኑልኝ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሰዉ ራቱን በልቶ ፊልሙን እስኪጨርስ ይህቺን መብራት አብራችሁኝ እዩ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ነው በሉኝ።"

ለወንበሩ ትራስ ሰፍታለታለች። እስካሁን የተቀመጠበት የለም።