ማንም ያልነካው መጋዝ

ባሮ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ስሠራ፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ጠፋ። ክብ መጋዙ ቀስ እያለ ቆመ፤ ቤቱም ጭር አለ። ማጥፊያውን ሳልነካ፣ በመጋዙ ጥርስ መሃል የተሰነቀረውን ስንጥር ላወጣ እጄን ሰደድኩ።

“እጅህን አንሳ!” አሉኝ ከኋላዬ የነበሩት ሽማግሌ አናጢ።

“ጋሼ፣ መብራት የለም እኮ።”

“አንሳ አልኩህ!”

እጄን ከማንሳቴ መጋዙ ማንም ሳይነካው እየጮኸ መሽከርከር ጀመረ። ስንጥሩ ብን ብሎ ጠፋ።

ሽማግሌው ሶኬቱን ነቀሉና፣ “መብራት ሲሄድ መጀመሪያ ይሄን ንቀል” አሉኝ። “ሲመለስ ለማንም ነግሮ አይመጣም።”

ዛሬም ሶኬቱን በገዛ እጄ ነቅዬ ወደ መጋዙ ስጠጋ፣ ትንፋሼን የሚያዳምጥ ይመስለኛል።