ሲሞቅ የሚጠፋው ሞተር

ዕንባቆም መርገጫውን ሲረግጠው ሞተሩ ተነሣ፤ የሸዋረግን ግቢ በጩኸት ሞላው። ጥቂት ሠርቶ እንደ ሞቀ ግን ተንተባተበና ቀጥ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ይህ አራተኛው ነው።

«አያ ዕንባቆም፣ ይኸስ እንደ ቀድሞው ባሌ ነው» አለች ሸዋረግ ከደጃፏ ቆማ። «ሲጀምር ማን ይችለዋል!»

እንኳየሁ ከት ብሎ ሳቀ። እንኳየሁ ቆራሌው ነው፤ አሮጌ ብረት በኪሎ ይገዛል። ሸዋረግ ዕቃ ቤቱን ለሽንኩርት ንግዷ ስለፈለገችው «እስከ ዓርብ ካልተነሣ ለቆራሌው ነው» ብላ ቆርጣ ነበር። ዓርብ ደረሰ፤ ጋሪውም በር ላይ ቆሟል።

ሞተር ሳይክሉ የሟች አባቷ የአያ ላቀው ነበር፤ ጣሊያን ሠራሽ፣ በዕድሜ ዕንባቆምን የሚበልጥ። ዕንባቆም የቄስ ትምህርቱን አቋርጦ ጎንደር ሲገባ መፍቻ የያዘው በዚሁ ሞተር ላይ ነው። አያ ላቀው ሲፈታውና ሲገጥመው ዝም ብለው ያዩት ነበር። የቀረውን ከተቀዳደደ መጽሐፍና ከገዛ ስሕተቱ ተማረ። ይህ ብረት ተቆራርጦ ሲጫን ማየት ስለማይችል ሸዋረግን «አይሞትም» እያለ ሲለምናት ከርሟል።

ባለፈው ዓመት የጢስ ማስወጫው ቫልቭ ተሰብሮ ፒስተኑን በሳው። ፒስተን ከባሕር ዳር አስመጣ። ቫልቭ ግን ስለጠፋ፣ ከጭነት መኪና ቫልቭ ቶርኖ ቤት አስቀረጸ። ከዚያ ትንፋሽ እንዳያሳልፍ ከመቀመጫው ጋር አፋትጎ መግጠም ነበረበት። ፍተጋውን የሚለካው በእግዚኦታ ነው፤ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ እያለ ያሽከረክራል፣ ያብሳል፣ ቤንዚን ጠብ አድርጎ ያያል። ካሾለከ ይደግማል።

ታዲያ አሁን ምን ጎደለ? ካንዴላውን ቀይሯል። ካርቡራተሩን ሁለቴ አጥቧል። «ምነው ጌታዬ፣ ምን ቀረኝ?» አለ።

«አያ፣ ጸበል ውሰደው» አለ እንኳየሁ። «ይኸ የመፍቻ በሽታ አይደለም።»

ዕንባቆም መፍቻውን መሬት ላይ ወረወረው። ወዲያው አፈረና አንሥቶ አበሰው። ሲሞቅ ብቻ ለምን? ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ክዳኑን ከነትኩሳቱ ከፈተና በቫልቩ ጭራና በሚገፋው ብረት መካከል ክፍተት መኖሩን በምላጭ ሞከረ። አልገባም። ማክሰኞ ገብቶ ነበር! ረቡዕ ግን አንዲት ጠብታ ብታሾልክበት ተናዶ እንደገና ፈትጎታል፤ አርባ አንዱን ስንት ጊዜ እንደ ደጋገመውም አያውቅም። ከዚያ በኋላ ምላጩን አልሞከረም። ማስተካከያው ብሎንም መጨረሻው ላይ ደርሷል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «አብዝቼ ፈትጌ ቫልቩ ጠለቀ፣ ጭራው ሽቅብ ወጣ። ሲሞቅ መዝጋት ያቅተዋል።»

«በጸሎት ብዛት ገደልሁት በለኛ!» አለ እንኳየሁ።

«በጸሎት አይደለም፣ በእልህ ነው።» ወደ ሸዋረግ ዞረ። «እቴ፣ ጾም እስኪፈታ ጠብቂኝ።»

ሸዋረግ ጋሪውንም ሰማዩንም አየች። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ከዚያ በኋላ እንዳትለምነኝ።»

ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ ፈትቶ ቫልቩን አወጣ። ጭራው እንዲያጥር በመሳያ ድንጋይ ላይ በውሃ ሳለው፤ አሁን አልቆጠረም፣ በየጥቂቱ እየገጠመ ምላጩን ይሞክራል። ጣቶቹ በግሪስ እያዳለጡት አንዲት ብሎን ሦስቴ ወደቀችበት። እንኳየሁ ሦስቱንም ጊዜ ቆጠረለት።

ለዘጠኝ ትንሽ ሲቀረው አስነሣው፤ ወደ አዘዞ ወረደ። ዳገቱን ሲመለስ ሞተሩ እንደ እሳት ግሏል፤ ግን አልጠፋም። ሲደርስ እንኳየሁ ሞተሩ ሳይጠፋ መመለሱን ከድምፁ ዐውቆ ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሄዷል።

«አጥፋና ደግመህ አስነሣው» አለች ሸዋረግ፣ ሳታምን።

በሁለተኛው ርግጫ ተነሣ።

«እሺ፣ ለቆራሌው አልሰጥም። ዕቃ ቤቱ ግን ዛሬ ይለቀቅልኝ፤ ሽንኩርቱ ከማክሰኝት ተነሥቷል።»

«ታዲያ የት ላድርሰው?»

«አይሞትም ያልኸው አንተ አይደለህ? ውሰደዋ፣ ያንተ ነው።»

ዕንባቆም በለሆሳስ «ተመስገን» አለ። አንድ ክፍል ቤቱን አስቦ ደግሞ ተከዘ። ለሚስቱ ለእጅጋየሁ አስቀድሞ ስጦታውን ይንገራት ወይስ የሚቆምበትን ቦታ ይጠይቃት እያለ፣ በቀስታ ወደ ቤቱ ነዳው።