ጆንያ የወተፍሁበት መስኮት

ሰቆጣ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ቫይረስና ባክቴሪያን በሚያምታታ ተማሪ እስቅ ነበር። ያ ሁሉ እውቀቴ ግን ለፈረንጅ ላሜ ጥጃ አልደረሰላትም። ማሳል ስትጀምር "ብርድ መታት" ብዬ የቤቷን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ መረግሁ፤ መስኮቱንም ጆንያ ወተፍሁበት። ጥጆቹን ክፍት በረት የሚያሳድረውን ጎረቤቴንማ "ጨካኝ" አልሁት።

ሳሉ ሲብስባት የከብት ሐኪም ጠራሁ። ሐኪሟ ገና በሩን ስትከፍት አፍንጫዋን ያዘች።

"መጀመሪያ ቫይረስ ሳንባዋን አድክሞት ይሆናል፤ ባክቴሪያው ተከትሎ ገብቷል። መርፌዬ ባክቴሪያውን እንጂ ቫይረሱን አይነካም። ይህ የታፈነ አየር ደግሞ ሁለቱንም ያግዛቸዋል" አለችኝ።

እኔ ግን መምህር አይደለሁ! ስለ ሰቆጣ ብርድ አስረዳት ጀመር። ሳታቋርጠኝ አዳመጠችኝና፣ "መምህር፣ እስቲ ጥጃዋ የምትተኛበት ድረስ ዝቅ ይበሉ" አለችኝ።

እያጉረመረምሁ ተንበረከክሁ። የሽንቱ ሽታ ጉሮሮዬን ቆረጠው፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እየሳልሁ ወደ ደጅ ሮጥሁ።

ሐኪሟ ጆንያውን ከመስኮቱ እየነቀለች፣ "ምነው፣ እርስዎንም ብርድ መታዎት?" አለችኝ።